የሠዓሊው አያት

ስለ አንድ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ልጽፍ ነው የተነሣሁት። ከአያቱ ካልጀመርኩ ግን የሥዕሎቹ ምንጭ በደንብ አይገባም። አያቱ ሉዊዝ ዡምላን ይባላሉ። በሰሜን ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ውስጥ፣ ከባሕሩ አፋፍ ላይ በምትገኝ ግሩሺ በምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር የኖሩ ባልቴት ናቸው። ምራታቸው ቀኑን ሙሉ ከባሏ ጋር እርሻ ላይ ስለምትውል ቤት የሚቀሩትን ልጆች የሚያሳድጉት እሳቸው ነበሩ። ከስምንቱ ልጆች ሁለተኛው፣ ከወንዶቹ ግን የመጀመሪያው፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1814 ተወለደ። ክርስትና እናቱም አያቱ ሆኑ። ለአሲሲው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ መታሰቢያ ፍራንሷ የሚለውን ስም ያወጡለትም እሳቸው ናቸው።

ይህ ልጅ ዣን-ፍራንሷ ሚሌ ነው። የቤተሰቡ ስም ልክ እንደ አፋሯ ሚሌ ከተማ ስለሚነበብ ለማስታወስ አያስቸግርም። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚሌ ካደገ በኋላ ስለ ልጅነቱ ሲያነሣ ከማይረሳቸው ነገሮች አንዱ የጧት መቀስቀሻው ነበር። አያቱ ወፎቹ ፈጣሪያቸውን ማመስገን ከጀመሩ እንደቆዩ እየነገሩ ከእንቅልፉ ያነቁታል። አባቱ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ነበሩ። ከእርሻ ሲመለሱ አንዲት የሣር ዘለላ ይዘው እንዴት እንደምታምር ለልጃቸው የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። የአባቱ አጎት የሆኑ አንድ ቄስም ከእነሱ ጋር ይኖሩ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ወደ ቤተሰባቸው ተመልሰው ከገበሬዎቹ እኩል የሚያርሱና የድንጋይ ካብ የሚክቡ ጠንካራ ሽማግሌ ነበሩ። የሰበካው ካህናት ደግሞ ለልጁ ላቲን አስተማሩት። ሚሌ ሲያድግ ማረስ፣ ማጨድ፣ መውቃት ያውቃል፤ መጽሐፍ ቅዱስንና የጥንቱን የሮማ ባለቅኔ ቨርጂልንም በላቲን ያነብባል። ኋላ ፓሪስ ውስጥ ገጠሬ እያሉ ሲስቁበት፣ ያ ገጠሬ ከብዙዎቹ የበለጠ ያነበበ ሰው ነበር።

ይህን የምጽፈው እኔም አያት ስለሆንኩ ነው። ሴት ልጄ ለሥራ ወደ ሪያድ ከሄደች ስድስት ዓመት አለፋት። ሁለቱ ልጆቿ የሚያድጉት እኔ ዘንድ ነው። ጡረታ እስክወጣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። የሚሌን ሥዕሎች መጀመሪያ ያየሁት በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት፣ በእርዳታ ከመጡ መጻሕፍት መካከል ነበር። ያን ጊዜ የወደድኳቸው እርሻ ስለሚያሳዩ ነው፤ የገበሬ ልጅ ነኝ። ሰውየውን ያሳደጉት አያቱ መሆናቸውን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ፣ እኔ ራሴ እንደገና ልጅ ማሳደግ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እነዚያን ሥዕሎች ሳይ ዐይኔ የሚሄደው ወደ እርሻው ብቻ አይደለም።

የልጁ ተሰጥዖ የታወቀበት መንገድ ለወላጆች የሚጠቅም ይመስለኛል። ወዳጁና የሕይወት ታሪኩን የጻፈው አልፍሬድ ሳንሲዬ እንደሚተርከው፣ ሚሌ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጎበጥ ያሉ አንድ ሽማግሌ ያያል። ቤት ገብቶ በከሰል ሣላቸው። ያየ ሁሉ ሰውየውን ለየው፤ ሳቁም። አባቱ ግን አልሳቁም። ይህን ሙያ እንዲማር ከጥንትም ይመኙ እንደነበር፣ ነገር ግን የበኩር ልጅ በመሆኑና ጉልበቱ ለእርሻው ስለሚያስፈልግ እስካሁን እንዳቆዩት፣ አሁን ወንድሞቹ ስለደረሱ ሊለቁት እንደሚችሉ ነገሩት። ይህን አነጋገር የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ልጁን መውደድና የልጁን ጉልበት መፈለግ በአንድ ቤት አብረው ይኖራሉ።

አባትየው በ1833 ልጃቸውን ይዘው ቅርብ ወደምትገኘው የወደብ ከተማ ወደ ሸርቡር ሄዱ። እዚያ ያሉት ሠዓሊ የልጁን ሥራዎች ሲያዩ ያለ አስተማሪ የተሣሉ መሆናቸውን ለማመን ተቸገሩ። ካመኑ በኋላ ደግሞ እንዲህ ያለውን ልጅ ይህን ያህል ጊዜ እርሻ ላይ በማቆየታቸው አባቱን ወቀሷቸው። እኔ እኚያን አባት ለመውቀስ አልቸኩልም። ስምንት ልጆች ያሉት ቤት የበኩሩን ጉልበት ለቅቆ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ነገሩ ብዙ ሳይራመድ በ1835 አባቱ ሞቱ። ሚሌ ብሩሹን ትቶ ወደ ግሩሺ ተመለሰ። የበኩር ልጅ ነው፤ ማሳው እሱን ይጠብቃል፤ እናቱ ታናናሾቹን ይዘው ቀርተዋል። ማንም "አትመለስ" ሊለው አይችልም ነበር። ከሸርቡር ግን ሰዎች ልጁ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ ይጠይቁ ጀመር። በዚህ ጊዜ ነው አያቱ የተናገሩት። የአባትህ ፈቃድ ሠዓሊ እንድትሆን ነበር፤ የአባትህን ቃል ፈጽም፤ ተመለስ አሉት።

እኔ የኚህን ሴት ታሪክ ሳነብ ረዥም ጊዜ የቆምኩት እዚህ ላይ ነው። ልጃቸውን በቅርቡ ቀብረዋል። ቤቱ የወንድ ጉልበት ያጣው ገና አሁን ነው። ከጧት ጀምሮ እየቀሰቀሱ ያሳደጉትን፣ ስሙን ያወጡለትን ልጅ አጠገባቸው ለማስቀረት ሰበብ ቢፈልጉ ሞልቶላቸዋል። እሳቸው ግን ሸኙት። እኔም ልጄን ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኝቻለሁና መሸኘት ምን እንደሆነ ትንሽ አውቃለሁ።

በ1837 ሚሌ በሸርቡር ከተማ የገንዘብ ድጋፍ ፓሪስ ገባ፤ በዝነኛው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ገብቶ ተማረ። ዕድሉ ግን ቶሎ አልቀናም። በ1839 ድጋፉ ተቋረጠ። በ1841 ያገባት ፖሊን ኦኖ በሳንባ ነቀርሳ ታማ በ1844 ሞተችበት። ለዕለት እንጀራው ርካሽ የሰው መልክ ሥዕሎችን፣ የሱቅ ታፔላዎችን፣ በጊዜው ገበያ የነበራቸውን የዕርቃን ሥዕሎችንም ሠራ። ሳንሲዬ እንደሚለው፣ አንድ ቀን በሱቅ መስኮት ፊት የቆሙ ሁለት ሰዎች የእሱን ሥራ እያዩ "ይሄ ዕርቃን ብቻ የሚሥል ሰው ነው" ሲባባሉ ሰማ። ከዚያ በኋላ ያንን ዓይነት ሥራ ለመተው ቁርጥ ሐሳብ አደረገ። አያቱ ከግሩሺ ደብዳቤ ያስጽፉለት ነበር፤ ሠዓሊ ከመሆኑ በፊት ክርስቲያን መሆኑን እንዳይረሳ ያሳስቡታል። ሱቁ ፊት ቆሞ ያ ምክር ትዝ ሳይለው እንደማይቀር እገምታለሁ።

በ1849 ፓሪስ ውስጥ የኮሌራ ወረርሽኝ ገባ። አብዮቱም ከተማዋን ካናወጣት ገና ዓመት ቢሆናት ነው። ሚሌ ካትሪን ለሜር ከምትባለው ሁለተኛ የትዳር ጓደኛውና ከሕፃናት ልጆቻቸው ጋር፣ በፎንተንብሎ ደን ዳርቻ ወደምትገኘው ባርቢዞን መንደር ሸሸ። ለጥቂት ጊዜ ብሎ የገባባት መንደር እስከ ዕለተ ሞቱ መኖሪያው ሆነች። ዘጠኝ ልጆች ያሳደገው፣ ዓለም የሚያውቃቸውን ሥዕሎች የሠራው እዚያ ነው። የቅርብ ጎረቤቱና ወዳጁ ቴኦዶር ሩሶም ሠዓሊ ነበር።

ድህነቱ ግን ተከተለው። ዳቦ ጋጋሪው፣ ባለ ሱቁ፣ ቀለም ሻጩ ሁሉም ዕዳ ይጠይቁታል። ከዕዳው የከፋው ሌላ ነገር ነበር። ከካትሪን ጋር ያለ ጋብቻ ልጆች ወልዶ እንደሚኖር ለአያቱና ለእናቱ አልነገራቸውም። እነሱ ናፈቅንህ፣ ና እንይህ ይላሉ፤ እሱ ለመንገድ የሚሆን ገንዘብ የለውም፤ ቢሄድ ደግሞ የሚያወራው አለው፣ የማያወራውም አለው። የፓሪስና የሸርቡር ባቡር የተከፈተው በ1858 ነው። ከዚያ በፊት ከባርቢዞን እስከዚያ ባሕር ጫፍ መድረስ ለድሃ ቀላል ጉዞ አልነበረም።

በ1851 አያቱ ሞቱ። አልደረሰም። በ1853 እናቱ ሞቱ። አልደረሰም። ከካትሪን ጋር በማዘጋጃ ቤት የተጋባው በዚያው በ1853 ነው።

በእኛ ሰፈር አንዲት እናት ባለፈው ዓመት አርፈዋል። ወንድ ልጃቸው ያለው አሜሪካ ነው፤ ወረቀቱ ስላላለቀለት መጥቶ መመለስ አይችልም። ቀብሩን ያየው የእህቱ ልጅ በያዘችለት ስልክ ነው። ከቤተ ክርስቲያን እስከ መቃብሩ ድረስ ልጅቷ ስልኩን ከፍ አድርጋ ስትሄድ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሳምንት በኋላ ለእርዳታ ለሄዱት የእድርተኞች ምስጋናውን ልኮ፣ በመጨረሻ "የእናቴን አፈር ሳልነካ ቀረሁ" አለ። እንዲህ ያለ ሐዘን በየቤታችን ገብቷልና ሚሌ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ምን ተሰምቶት እንደነበር ለማወቅ የሥነ ጥበብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ሚሌ ምን አደረገ? ሣለ። እናቱ በሞቱበት ዓመት አካባቢ የጀመረው፣ እስከ 1861 ድረስ በእጁ የቆየ አንድ ሥዕል አለ፤ ስሙ "ጥበቃ" ነው። ሐሳቡን የወሰደው ከመጽሐፈ ጦቢት ነው። ጦቢት ዐይነ ስውር ሽማግሌ ነው፤ ልጁ ጦብያ ገንዘብ ሊያመጣ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ ቀርቷል። ሚስቱ ሐና ልጇን ፍለጋ መንገድ መንገዱን ታያለች። ታሪኩን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ሚሌ ግን ሽማግሌዎቹን የጥንት ልብስ አላለበሳቸውም፤ ያስቀመጣቸው በአንድ የኖርማንዲ ገበሬ ቤት ደጅ ላይ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። አሮጊቷ ከመንገዱ ዳር ቆመው ዐይናቸውን በእጃቸው ከልለው ሩቅ ይመለከታሉ። ዐይነ ስውሩ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን እየዳሰሱ ከደጃፉ እየወጡ ነው። በመንገዱ ላይ የሚመጣ ሰው አይታይም። ጓደኛው ሳንሲዬ ይህን ሥዕል ከእናቱና ከአያቱ ጥበቃ ጋር ያያይዘዋል። በ1861 በፓሪሱ ዐውደ ርእይ ሲታይ ብዙዎቹ ተቺዎች አልወደዱትም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በካንሳስ ሲቲ ከተማ ሙዚየም ይገኛል።

እኔ ይህን ሥዕል በስልክ መስታወት ላይ ብቻ ነው ያየሁት። ያም ሆኖ ከአንድ ደቂቃ በላይ ማየት አልቻልኩም። መጽሐፉ ውስጥ ጦብያ ይመለሳል፤ የአባቱም ዐይን ይበራል። ሚሌ የመረጠው ግን ገና ያልተመለሰበትን ሰዓት ነው።

ለአያቱ የሣለው ደግሞ ከሥዕሎቹ ሁሉ ዝነኛው ሆነ። "አንጄሉስ" ይባላል፤ በ1857 ጀምሮ በ1859 ነው የጨረሰው። አንጄሉስ ካቶሊኮች በጧት፣ በቀትርና በምሽት ደወል ሲደወል የሚያደርሱት፣ ቅዱስ ገብርኤል ድንግል ማርያምን ያበሠረበትን የሚያስታውስ ጸሎት ነው። በሥዕሉ ላይ ባልና ሚስት ድንች ሲያወጡ ውለው ደወሉ ሲሰማ ቆመዋል። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል። ሴትየዋ እጆቿን ደረቷ ላይ አጋጥማ አንገቷን ደፍታለች። መቆፈሪያው መሬት ላይ ተተክሏል፤ ቅርጫቱ እግራቸው ሥር ነው፤ የእጅ ጋሪው ከኋላ ቆሟል። ከሜዳው ጫፍ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ሌላ ምንም የለም። ሥዕሉ ራሱም አንድ ሜትር የማይሞላ ትንሽ ነገር ነው።

ሚሌ በ1865 በጻፈው ደብዳቤ ሐሳቡ ከየት እንደመጣለት ገልጿል። ልጅ ሳለ እርሻ ላይ ሲሠሩ የደወል ድምፅ ከተሰማ አያቱ ሁሉንም ሥራ ያስቆሟቸው ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ስለ ሙታን ነፍስ እንዲጸልዩ ያደርጋሉ። አያቱ ከሞቱ ስድስትና ሰባት ዓመት በኋላ፣ ከትውልድ መንደሩ በራቀ የባርቢዞን ሜዳ ላይ፣ ያችን ቆም ማለት መልሶ አመጣት። ጸሎቱ ስለ ሙታን ነው፤ አሁን ከሙታኑ መካከል አያቱም አሉ። ቀብራቸው ላይ ያልደረሰው ልጅ እሳቸው ባስተማሩት መንገድ ባርኔጣውን አወለቀላቸው ብዬ ነው የማምነው።

ለዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ ይህንኑ ሥዕል በስልክ አሳየሁት። እሱም ሥዕል ይወዳል፤ የደብተሩ የኋላ ገጾች ባዶ ሆነው አያውቁም። ትንሽ አየና "እማማ፣ ምን ጠፍቷቸው ነው መሬት መሬት የሚያዩት?" አለኝ። ሳቅሁ። ደወል እንደሰሙ ስነግረው "ታዲያ ደወሉን ለምን አልሣለውም?" አለ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ደወሉ አይታይም፤ የሚታየው የሰሙት ሰዎች አቋቋም ነው። ልጁ ጥቂት አሰበና እርሳሱን ይዞ ሄደ። ሲመለስ አንዲት ሴት ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆማ ሥሏል። ማን እንደሆነች አልጠየቅሁትም።

ሚሌ እነዚህን የቤት ትዝታዎች ብቻ ሣለ ማለት አይደለም። በ1857 ያወጣው "ቃራሚዎቹ" እስከ ዛሬ ያነጋግራል። በእኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ሁለት ዓመት የሆናቸው ጊዜ መሆኑ ነው። ሦስት ድሃ ሴቶች ከታጨደ ማሳ ላይ ጎንበስ ብለው ቃርሚያ ይለቅማሉ። ከኋላቸው በሩቁ ነዶው ተከምሯል፤ ጋሪው ሞልቷል፤ የእርሻው ተቆጣጣሪ ፈረስ ላይ ሆኖ ያያል። መጽሐፈ ሩትን ያነበበ ሁሉ ቃርሚያ የድሃ ድርሻ መሆኑን ያውቃል። የፓሪስ ሀብታሞች ግን ሥዕሉ አላማራቸውም። የ1848ቱ አብዮት ገና ከአእምሯቸው አልወጣም፤ ጎንበስ ያሉት ሴቶች ቀና ያሉ ዕለት ምን ይመጣል ብለው ሳይፈሩ አልቀሩም። በ1863 ዶማውን ተደግፎ የሚያርፍ፣ ወገቡ የተቆረጠ የቀን ሠራተኛ ሥሎ ባቀረበ ጊዜ ጩኸቱ ባሰ። ሶሻሊስት ነው አሉት። እሱ ግን የማውቀውንና ያየሁትን ነው የምሥለው እያለ ጸና። ወገብ እንዴት እንደሚቆረጥ ከራሱ ወገብ ያውቃል።

ለዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች የምመርጠው ሥዕል ቢኖር ግን በ1860 አካባቢ የሠራው፣ አሁን በሊል ከተማ ሙዚየም ያለው ነው። አንዲት እናት ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ተቀምጣ፣ ደጃፉ ላይ ተደርድረው ለተቀመጡ ሦስት ሕፃናት በእንጨት ማንኪያ ታጎርሳለች። መካከለኛው አፉን ከፍቶ አንገቱን ሰግጓል፤ ሁለቱ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከቤቱ ጀርባ በሩቅ አባትየው መሬት ሲቆፍር ይታያል። ሚሌ በዚህ ሥዕል እናቲቱ ጫጩቶቿን እንደምትመግብ ወፍ እንድትመስል፣ አባትየውም ለእነዚህ አፎች ሲል እንደሚለፋ እንዲታይ መፈለጉን ጽፏል። ዘጠኝ ልጆች ላሉበት ቤት ይህ የዕለት ተዕለት ትዕይንት ነው። አባትየው ከጀርባ መሆኑን ልብ ይበሉ። እንዲያ ራቅ ብሎ የሚለፋው ወላጅ ዛሬ በየቤታችን አንዳንዴ እናት ናት።

ከ1867ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በኋላ ስሙ ከፍ አለ፤ በ1868 መንግሥት የክብር ሌጌዎን ኒሻን ሸለመው። በ1870 ጦርነት ሲነሣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሸርቡር አካባቢ ሸሽቶ ቆየ። የልጅነቱን የግሬቪል ቤተ ክርስቲያን፣ ያቺን ባለ ደወል፣ ያን ጊዜ ሣላት። ጃንዋሪ 3 ቀን 1875 በሕመም አልጋው ላይ ሆኖ ከካትሪን ጋር የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጸመ። ለአያቱ የነበረበት ትልቁ ዕዳ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ጃንዋሪ 20 ቀን ዐረፈ፤ ከወዳጁ ከሩሶ አጠገብም ተቀበረ።

ባለቤቱና ልጆቹ በችግር ላይ ቀሩ። በዕድሜ የገፋው ሠዓሊ ካሚይ ኮሮ ለቤተሰቡ 10,000 ፍራንክ ሰጠ፤ እሱም በቀጣዩ ወር ሞተ። የ"አንጄሉስ" ዕጣ ደግሞ ለብቻው ይነገራል። ሥዕሉን ያዘዘው የቦስተን ሰው ሳይወስደው ቀርቶ፣ ሚሌ በ1860 በ1,000 ፍራንክ ሸጠው። በ1889 በጨረታ 553,000 ፍራንክ ወጣለት። በዓመቱ አንድ የትልቅ መደብር ባለቤት 800,000 ገደማ ከፍሎ ወደ ፈረንሳይ መለሰው፤ ሲሞትም ለአገሩ ተናዘዘው። ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው ኦርሴ ሙዚየም ተሰቅሏል። ከዚያ ሁሉ ገንዘብ ለሠዓሊው ቤተሰብ አንድም ሳንቲም አልደረሰም። ፈረንሳይ በ1920 ሥዕል በተሸጠ ቁጥር ለሠዓሊውና ለወራሾቹ ድርሻ የሚሰጥ ሕግ ስታወጣ የሚሌ ቤተሰብ ታሪክ እንደ ምሳሌ ይጠቀስ ነበር።

ገንዘቡ ባይደርስም ሌላው ነገር ደረሰ። ከሚሌ ሞት 15 ዓመት በኋላ፣ በደቡብ ፈረንሳይ በአንድ የአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ ውስጥ ያለ ሆላንዳዊ ሠዓሊ የሚሌን ሥራዎች እያየ በራሱ ቀለም መልሶ ይሥል ነበር፤ ከ20 በላይ ሠርቷል። ቪንሰንት ቫን ጎግ ነው። ከእነዚያ አንዱ "የመጀመሪያ እርምጃ" ይባላል። እናት ዳዴ የሚል ሕፃን ከኋላው ደግፋለች። አባቱ አካፋውን መሬት ላይ ጥሎ፣ ተንበርክኮ፣ እጆቹን ዘርግቶ "ና" ይለዋል። ቫን ጎግ ይህን የሠራው በጃንዋሪ 1890፣ የወንድሙ የቴዎ ሚስት ልትወልድ በተቃረበችበት ጊዜ ነው። ሕፃኑ በወሩ መጨረሻ ተወለደ፤ ስሙንም ቪንሰንት አሉት። አጎቱን ሊያውቀው አልታደለም፤ አድጎ ግን የአጎቱን ሥዕሎች ጠብቆ አቆየ። የአምስተርዳሙ የቫን ጎግ ሙዚየም የተከፈተው በእሱ ድካም ነው።

ከዚህ ሁሉ ለራሴ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ሉዊዝ ዡምላን የልጅ ልጃቸውን ሥዕል አላስተማሩትም፤ አያውቁትም። ያደረጉት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ሥራ ማስቆም፣ በየጧቱ በደግ ቃል መቀስቀስ፣ ሲርቅ ደግሞ ደብዳቤ ማስጻፍ ነበር። ልጁ ትልቅ ሰው ሆኖ የሚያወጣው ከዚያ ውስጥ የትኛውን እንደሆነ ሊያውቁ አይችሉም ነበር። እኛም አናውቅም።

ስለዚህ በእኛ ቤት አንዳንድ ነገሮች በሰዓታቸው ይሁኑ ብያለሁ። ማታ እራት ሲቀርብ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፤ ትንሿ ልጅ ትመርቃለች፤ ትልቁ እጅ ያስታጥባል። ሪያድ ላለችው ልጄም ስደውል "ገንዘቡ ደረሰ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው" ብዬ አልዘጋም። ዛሬ ማን ምን እንደተናገረ፣ የጓሮው ጎመን ስንት ቅጠል እንዳወጣ፣ ልጇ ምን እንደሣለ እነግራታለሁ። እዚያ ሰው ቤት ውስጥ ስትሠራ የምታስበው ነገር እንዲኖራት ነው። ባለፈው አርብ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የቆመችውን ሴት ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት። "ማን ናት?" ብላ ጻፈችልኝ። ልጅሽን ጠይቂው አልኳት። ረዥም ጊዜ አወሩ።